ከኩርባው ሥር የተዘረጋ ጥላ

ጌታሁንን ያገሩ ሰው የሚያውቀው በድምፁ ነው። ከጣርማበር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ፣ ጉም መንገዱን በዋጠበት ሰዓት እንኳ፣ ሰውየው ሳይታይ ድምፁ ቀድሞ መኪና ውስጥ ይገባ ነበር። «ስለ ቅዱስ ሚካኤል! የመልአኩን ቤት አግዙ! ጎማችሁን ይጠብቅ፣ መንገዳችሁን ያቅና!» ሲል ያንቀላፋ መንገደኛ ነቅቶ ኪሱን ይዳብሳል፤ ሹፌሩም ክርስቲያን ይሁን እስላም እግሩ ሳያስበው ፍሬን ላይ ያርፋል። የአንዱ ሰው ሀብት መሬት ነው፣ የሌላው ከብት፤ የጌታሁን ሀብት ጉሮሮው ነበር። «አፍ ያለው ያግባሽ ወይስ ከብት ያለው?» ተብላ አፍ ያለውን የመረጠችው ሴት፣ እኔ እስከማውቀው፣ የሱ ሚስት ንጋቷ ናት።

ድምፁ የተገራው ግን ቤተ ክርስቲያን ደጅ አይደለም። ጌታሁን በጉርምስናው የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ከአዲስ አበባ ደሴ በሚመላለስ አሮጌ ተሳቢ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ዳገት ላይ ሞተር ሲግል ዘሎ እየወረደ፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ እየወሸቀ፣ ከኋላ ለሚመጣው ሁሉ «እለፍ! እለፍ!» እያለ እጁን ሲያወናጭፍ ነው ያደገው። አንድ ቀን ታኮው አመለጠና ጉልበቱን ተመታ፤ የመኪና ነገር በዚያው አበቃ። አገሩ ገባ፣ ንጋቷን አገባ፣ ዳገቱ ላይ ባለችው የአባቱ ቁራሽ መሬት ገብስና ባቄላ እየዘራ ኖረ። ልጅ አልተሰጣቸውም። ንጋቷ ለዚህ አልቅሳ አልቅሳ፣ ሲደክማት «እንግዲህ እሱ ያውቃል» ብላ የወይራ አምባ ሚካኤልን ግቢ መጥረግ ጀመረች። ከዚያ ወዲያ የመልአኩን ነገር የቤቷ ነገር አድርጋው ቀረች።

አንድ ክረምት ዝናቡ አልበቃ ብሎ ተራራው ራሱ ተንሸራተተና የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ በምሥራቅ በኩል ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው ተሰነጠቀ። ስንጥቁ እጅ ያስገባ ነበር። የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ወልደኪዳን ሕዝቡን ሰብስበው መከሩ። የደብሩ ሰው ያለው ገብስና በግ ነው፤ ሲሚንቶ ደግሞ በገብስ አይለወጥም። ገንዘብ የሚያልፈው አስፋልቱ ላይ ነው። ስለዚህ እንደ ሌላው ደብር ሁሉ ሥዕሉ ይውጣ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጥላ መንገድ ዳር ተገልብጦ ይዘርጋ፣ አላፊ አግዳሚው የመልአኩን ድርሻ ይጣልበት ተባለ። ማን ይጥራ? ይሄ ጥያቄ አልነበረም። ሁሉም ዞሮ ጌታሁንን አየው።

መጀመሪያ የቆመው ከደብረ ሲና ከተማ በላይ ባለው ቀጥታ መንገድ ላይ ነበር። እዚያ ግን መኪናው ሁሉ እንደ ንፋስ ሽው ይላል። ሹፌሩ ድምፁን ሰምቶ ልቡ እስኪራራ ድረስ ጎማው ርቆ ሄዷል። ጌታሁን እንዲህ እየሆነ ሰነበተና የድሮ ሙያው ትዝ አለው። ወደ ላይ የሚወጣ የጭነት መኪና ከቆመ ለመነሳት ፍዳውን ስለሚያይ ለማንም አይቆምም። ወደ ታች የሚወርደው ግን ኩርባው ላይ ሲደርስ ራሱ ፍሬን ይይዛል። ግማሹን የቆመ መኪና ማስቆም ምን ያቅታል? ጥላውን አነሳና ከኩርባው ሥር፣ ከላይ የሚመጣው ሹፌር መሪውን ዞር ሲያደርግ ድንገት በሚያየው ቦታ ላይ ዘረጋው። ያን ቀን ጥላው ሞላ። ቄስ ወልደኪዳን «የመኪና ሰው ነው፤ መኪናን ያውቃታል» ብለው በጉባኤ አመሰገኑት። ጌታሁን በሕይወቱ በጉባኤ ሲመሰገን የመጀመሪያው ነበርና ደስ አለው፤ ያቺን ደስታ በኋላ ምን ያህል እንደሚረግማት ማን ነገረው?

ሥራው የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ይጣራል፤ ሌላው ይለቅማል። ከመስኮት የሚወረወር ሳንቲም ሁሉ ጥላው ላይ አያርፍም። ብሩን ንፋስ ይወስደዋል፣ ሳንቲሙ የጥላውን ዘንግ መትቶ ይፈናጠራል፤ አስፋልቱ ደግሞ ወደ ማዶው ቦይ ዘንበል ያለ ስለሆነ ያመለጠው ሁሉ መንገዱን አቋርጦ ይንከባለላል። ለቃሚዋ ንጋቷ ነበረች። ሳንቲም ሲወድቅ ትሰማለች፤ ከየት ወደየት እንደሄደ ሳታይ ታውቃለች። አንስታ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ ስማ፣ ጥላው ውስጥ ታስቀምጠዋለች። አንዲትም ብትሆን ጎማ ሲሄድባት ማየት አትወድም። «የመልአኩ ገንዘብ በጎማ አይረገጥም» ትላለች።

«አንቺ ሴት፣ ሚካኤል ክንፍ አለው እኮ። ለምን ራሱ አይለቅመውም?» ይላታል ጌታሁን፣ ስትሮጥ ባየ ቁጥር።

«ክንፍ አለው፤ ኪስ ግን የለውም። ይልቅ አንተ ጩህ!»

እንዲህ እየተነካኮሱ ይውላሉ። አመሻሽ ላይ ጥላውን አጥፈው ዳገቱን ሲወጡ፣ እሱ እያነከሰ፣ እሷ ቀድማ እየሄደች፣ ካያቸው ሰው ትናንት የተጋቡ ነበር የሚመስሉት።

ያስጠነቀቃቸው ሰው አልነበረም አይባልም። የአካባቢው ትራፊክ ፖሊስ ሣጅን ምህረቱ ሞተር ሳይክሉን አቁሞ ብዙ ጊዜ ተናግሯል። «ጋሼ ጌታሁን፣ ሕጉ እንዲህ ነው» አለው አንድ ቀን፣ ጓንቱን አውልቆ። «ኩርባ ላይ መኪና አይቆምም። የግድ ከቆመም ከኋላው ራቅ ብሎ ምልክት ይደረጋል። የቆመ መኪና የሚያልፍ ሹፌር ደግሞ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ክላክስ ያሰማል፣ ከዚያ መኪና ፊት ሰው ብቅ ይላል ብሎ ይጠብቃል። እስቲ ይንገሩኝ፣ እዚህ ከዚህ ሁሉ የትኛው አለ?»

«ሚካኤል አለ» አለው ጌታሁን እየሳቀ።

ሣጅኑ ራሱን ነቅንቆ ሞተሩን አስነሳ። ከዚያ መልሶ አጠፋውና ከኪሱ ብር አውጥቶ ጥላው ውስጥ አስቀመጠ። እናቱ የሚካኤል ማኅበርተኛ ናት። ሕግ አስከባሪውም እዚያው ኩርባ ሥር ቆሞ ነበር ያስቀመጠው፤ እኔ እንዲህ ያለውን ነገር ሳይ መሳቅ ይሁን ማልቀስ የሚሻለው ግራ ይገባኛል።

የኅዳር ሚካኤል ሲቃረብ መንገደኛው በዛ፤ ጉሙም ከጠዋት እስከ ቀትር አልገለጥ አለ። ከደብረ ብርሃን የመጣ ሚኒባስ ከጥላው አጠገብ ቆመ። ተሳፋሪዎቹ ለበዓል የሚሄዱ ናቸውና ሁሉም እጁን በመስኮት አወጣ። ጌታሁን ደስ ብሎት ድምፁን ከወትሮው ከፍ አደረገው። «ጎማችሁን ይጠብቅ! ቤታችሁን ይባርክ!» አንዲት ሳንቲም የጥላውን ዘንግ መታችና በሚኒባሱ ፊት ለፊት አልፋ ወደ ማዶ ተንከባለለች። ንጋቷ ጎንበስ ብላ ተከተለቻት። ከኩርባው በላይ ሲወርድ የነበረ አይሱዙ የቆመ ሚኒባስ አየ። እንደማንኛውም ሹፌር መሪውን ወደ ግራ ሰበረና ሊያልፈው ሄደ። ንጋቷ ከሚኒባሱ ፊት የወጣችው ያኔ ነው። ጌታሁን «ጎማችሁን» የሚለውን ቃል ጀምሮ አልጨረሰውም።

ሳንቲሟ እጇ ውስጥ ተገኘች።

የአይሱዙው ሹፌር ዘርአ ዳዊት የሚባል የመዘዞ ልጅ ነበር፤ በግ ጭኖ የሚመላለስ። መንገዱ ዳር ተቀምጦ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ «ቆሞ አየሁት፤ አለፍኩት። ቆሞ አየሁት፤ አለፍኩት» ብቻ ይላል። ባለፈ ባገደመ ቁጥር ለሚካኤል ሳይጥል የማይሄድ ሰው ነበር፤ ንጋቷንም በመልኳ ያውቃታል። ሽማግሌዎች ለዕርቅ ሲመጡ ጌታሁን አልተከራከረም። እሱም በረዳትነቱ ዘመን ስንቱን ሹፌር በዚህ እጁ «እለፍ!» ብሎ በቆመ መኪና አጠገብ እንዳሳለፈ ያውቃል። ከፊት ሰው መኖር አለመኖሩን ዞሮ ያየበት ቀን ትዝ አይለውም። ልጁን ይቅር አለው። ራሱን ግን አላለም። ጎረቤት ተሰብስቦ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ሲለው አንገቱን ደፍቶ ይሰማል፤ ልቡ ግን የሚለው ሌላ ነው። እኔ እንዲያ ባልጮህ ኖሮ የሞተሩን ድምፅ ትሰማ ነበር፤ ቦታውንም የመረጥኩት እኔ ነኝ ይላል። ይህን ለማንም አልተናገረም።

አርባዋ ከወጣ በኋላ ቄስ ወልደኪዳን ቤቱ መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግድግዳው እንቅልፍ የነሳቸው ሰው ናቸው። ንጋቷ ከሞተች ወዲህ ሙሉቀን የሚባል ጎረምሳ ጥላውን ይዞ እዚያው ኩርባ ሥር ቆሟል። ሰው ወሬውን ሰምቶ ኖሮ ከበፊቱ ይበልጥ ይቆማል፤ «የመልአኩ አገልጋይ የሞተችበት ቦታ ነው» እያለ ከመኪና ወርዶ መሬት የሚስምም አለ።

«ድምፅህ ቢጨመርበት ክረምት ሳይገባ እንጨርሰው ነበር» አሉት ቄሱ።

«አባ፣ ጥላውን ወደ ቀጥታው መንገድ ይመልሱት። እኔም እመጣለሁ፣ ጉሮሮዬ እስኪደማ እጮሃለሁ።»

«ቀጥታው ላይ ማን ይቆማል ጌታሁን? አንተው ራስህ አይደለህ እንዴ ሞክረህ የተውከው?»

በገዛ ብልሃቱ ረቱት።

ከዚያ የባሰው ግን ለቃሚዋ ነበረች። አልታየች ትባላለች። ከወለጋ ተፈናቅላ ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ብዙ የከረመች፣ ባሏን እዚያው አገሯ ቀብራ የመጣች ሴት ናት። ቄስ ወልደኪዳን አዝነው ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በር አጠገብ አንዲት ክፍል ሰጧት። የሰው እንጀራ በነጻ መብላት አልሆንልሽ አላትና፣ ንጋቷ ስትሞት ቦታዋን ማንም ሳይጠይቃት ራሷ ያዘችው። ጌታሁን ከሩቅ ያያታል። እንደ ንጋቷ ቀልጣፋ አይደለችም። ሳንቲሙን የምትሰማው ዘግይታ ነው፤ ከሄደ በኋላ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ትፈልገዋለች፤ ቀና አትልም። ይሄ ሲታየው አላስቀምጥ አለው። ንጋቷን የሚመልሳት የለም፤ ይህችን ግን ገና መኪና አልነካትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም፤ ይህች ሴት እዚያ አስፋልት ላይ እንዳትቀር ብቻ።

ወርዶ አነጋገራት። «እህቴ፣ የወደቀውን ተይው። ጥላው ውስጥ የገባው ይበቃል።»

«ጋሼ፣ እንዴት እተወዋለሁ?» አለችው ነጠላዋን እያስተካከለች። «ከዚያ ሁሉ እሳት ያወጣኝ እኮ እሱ ነው። የሱን ገንዘብ መንገድ ላይ ጥዬ ደጁ ላድር? ደግሞ እትዬ ንጋቷ አልተወችውም ይላሉ።»

የሚስቱ ደግነት ተርፎ ሌላ ሴት ሊገድል ነው። ምን ይበላት? ንጋቷ ተሳስታ ነበር ሊላት አፉን ከፈተ፤ አልወጣውም።

ሣጅን ምህረቱ ዘንድ ሄዶ «አስነሳቸው» ብሎ ለመነው። ሣጅኑ መለሰለት። «ጋሼ፣ ባነሳቸው ሰኞ ተነስተው ማክሰኞ ይመለሳሉ። ሕዝቡም ሚካኤልን አባረረ ይለኛል። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል ነበር፤ ይሄው መከራም መክሮ አልሰሙም።» ከዚያ ከሞተር ሳይክሉ ሣጥን ቀይ ጨርቅ አውጥቶ ሰጠው። «ምልክት የሚቆመው ከቆመው መኪና ኋላ ራቅ ብሎ ነው። ከኩርባው በላይ ይቁሙና ያውለብልቡ። ቀስ ካሉ ትልቅ ነገር ነው።»

ጌታሁን ጨርቁን በዱላ ላይ አስሮ በነጋታው ከኩርባው በላይ ቆመ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ድምፁን አወጣው። «ቀስ በሉ! ከታች የቆመ መኪና አለ! ሰው አለ!» ድምፁ አልተለወጠም፤ ተራራው ሁሉ መለሰው። ጉም ውስጥ የሚመጣው ሹፌርም ሰማው። ያውቀዋላ! ስንት ዓመት ሲያስቆመው የኖረ ድምፅ ነው። የመጀመሪያው መኪና ከጎኑ መጥቶ ቆመና ሳንቲም ወረወረለት።

«አትቁሙ! ለልመና አይደለም! ቀስ ብላችሁ እለፉ ነው የምለው!»

«ምስኪን» አለ ሹፌሩ ከጎኑ ለተቀመጠው። «ሚስቱን መኪና የገጨበት ነው። ሐዘን አናውዞት ነው።» ብር ጨምሮ ጣለለትና ሄደ።

ቀስ ያለ አልነበረም። ወይ ቆሞ ይጥላል፣ ወይ ሳይቆም ወርውሮ እንደመጣው ይበራል። የሚቆመው ሲቆም ከኋላ ያለው ደግሞ መሪውን ሰብሮ ያልፈዋል። ከታች አንድ የቆመ መኪና ነበረ፤ አሁን ከላይም ሌላ ተጨመረ። «እለፉ» ብሎ በጮኸ ቁጥር ይቆማሉ፤ ዝም ሲል ደግሞ እየበረሩ ወደ አልታየች ይወርዳሉ። በማስቆም ብቻ የታወቀ ጉሮሮ ይዞ ምን ያድርግ? እግሩ ሥር የሚወድቀውን ሳንቲም አይነካውም፤ ጎማ እየሄደበት አስፋልቱ ላይ ያብለጨልጫል።

ይህን አልታየች ከታች አየችው። በሦስተኛው ቀን ይሁን በአራተኛው፣ ኩርባውን በአስፋልቱ መሐል እየሮጠች ወጣች። ዓይኗ እንደ ልማዷ መሬት ላይ ነው። አንድ የቤት መኪና ከጌታሁን አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ከበስተኋላው አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ እየመጣ ነው። ጌታሁን ዱላውን ጥሎ ነጠላዋን ጨምድዶ ወደ ዳር ሲጎትታት ሲኖትራኩ የነጠላዋን ጫፍ በንፋሱ እያራገበ አለፈ። ሹፌሩ ክላክስ እንኳ አላሰማም።

ሁለቱም ቦዩ ውስጥ ተቀመጡ። እሱ ነጠላዋን ገና አልለቀቀም። እሷ ግን ትንፋሿ ሲመለስላት የተናገረችው ይህን ነው፤ «ጋሼ፣ ምነው ዝም አሉት? የመልአኩ ገንዘብ እኮ ነው። ካልለቀሙት እኔ እየመጣሁ እለቅመዋለሁ።»

በዚያች ሰዓት ነው ጌታሁን የተሸነፈው። እሷ እንዳትመጣ ራሱ መልቀም ጀመረ። የተጎዳ ጉልበቱን እያጠፈ፣ ከቆሙ መኪኖች ፊት እየዞረ፣ በብርና በሳንቲም ኪሱን ሞልቶ ማታ ማታ ለቄስ ወልደኪዳን ወስዶ ያስረክባል። ምንም አይናገርም። እሳቸው ደግሞ ዝምታውን መጽናናት አድርገው አዩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ምእመናኑ ግቢው ውስጥ እንደቆሙ፣ ቄሱ ስሙን ጠሩ። «ወንድማችን ጌታሁን ሐዘኑን ችሎ በራሱ ፈቃድ ከኩርባው በላይ ሁለተኛ ቦታ ከፍቶልናል። ግድግዳው ተጀምሯል። እግዚአብሔር ይስጥልን!» እልል ተባለ። አልታየችም እልል አለች። ከዕቃ ቤት አንድ ጥላ ወጣ፤ አዲስ፣ ዘርፉ የሚያበራ። አመጡና እጁ ላይ አስቀመጡለት።

«አባ፣ እኔ ገንዘብ አልፈለግሁም» አለ ቀስ ብሎ። «ቀስ እንዲሉ ነበር የፈለግሁት።»

«ይኸው ይቆሙልህ የለም እንዴ!» አሉት ቄሱ ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ፣ ከልባቸው ደስ ብሏቸው።

ሰኞ ጠዋት ጉሙ እንደ ወትሮው ነበር። ጌታሁን ቀዩን ጨርቅ በአንድ እጁ፣ የታጠፈውን ጥላ በብብቱ ይዞ ከኩርባው በላይ ቆመ። አልጮኸም። ዝም ብሎ ቢቆም ማንም አይቆምም ብሎ አስቦ ነበር። አንድ ሚኒባስ ግን ጨርቁን አይቶ ከጎኑ ቆመ። አንዲት አሮጊት በመስኮት እጃቸውን አውጥተው «ልጄ፣ ጥላውን ዘርጋው እንጂ፤ መሬት ላይ እንዳይወድቅ» አሉት። ከጉሙ ውስጥ፣ ከሚኒባሱ ኋላ፣ የሌላ መኪና ሞተር ይሰማል። ከታች ደግሞ የአልታየች የላስቲክ ጫማ አስፋልቱን እየመታ ይመጣል።

ጥላው ከተዘረጋ ሳንቲሙ እዚያው ይቀራል፣ እሷም ትመለሳለች ብሎ አሰበ። ዘረጋው። አሮጊቷ ወረወሩ። ሳንቲሙ የጥላውን ዘንግ መታና በሚኒባሱ ፊት አልፎ ወደ ማዶ ተንከባለለ። ጌታሁን ያን ክፉ ጉልበቱን እየጎተተ፣ ከአልታየች ቀድሞ ተከትሎት ሮጠ።